የግራ እጄ ደም ሥር

ጥር 7፣ 2018 ዓ.ም.፣ ሐይቅ

ትናንት ማታ ከአዲስ አበባ ገባን። ጨጓራ ነው ስል የኖርኩት ልብ ሆኖ ተገኘ። ይኼን ያህል ጊዜ ጠዋት ማታ ተልባ ስታጠጣኝ የኖረችው ሀፊዛ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ያለችው፣ "ታዲያ ተልባው ምን ጎዳህ?" ነው። ሚስቴ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀኝ እጄ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ ልቤ ድረስ አይተዋል። ልብን የሚመግቡት ደም ሥሮች ከአንድም ሁለት ሦስት ቦታ ጠበዋል። ሽቦ አስገብቶ የሚከፈት አይደለም አሉ። ደረቴ ተከፍቶ፣ ከሌላ ቦታ ጤነኛ ደም ሥር ተቆርጦ ይመጣና የጠበበውን እንዲሻገር ሆኖ ይሰፋል። ባይፓስ ይሉታል። የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ፤ ስፌት ስለሆነ ገባኝ።

እስከዚህ ድረስ ሰው ሆኜ ሰማሁ። ያናደደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ኢንሳፍ ትባላለች፣ ልጄ የምትሆን ናት። እጄን ይዛ አንጓዬ ላይ ያሉትን ሁለት ደም ሥሮች ጨመቀች፣ "ጨብጡ፣ ዘርጉ" አለች፣ መዳፌ ነጣ፣ አንዱን ለቀቀች፣ መዳፌ ቀላ። ደስ አላት። እኔም ምን እንዳደረግሁ ሳላውቅ ደስ አለኝ።

"አባቴ፣ አንደኛውን ከደረትዎ ግድግዳ እንወስዳለን" አለችኝ። "ሁለተኛውን ከክንድዎ። የቀኙን በምርመራው ቱቦ ስላለፈበት ውስጡ ተነክቷል፣ አንጠቀምበትም። የግራውን ነው። ለመሆኑ በየትኛው እጅዎ ነው የሚሠሩት?"

ክፍሉ ውስጥ የእህቴ ልጅ ኢቲሳም ነበረች። ከጅዳ ከተመለሰች ጀምሮ የኔ ሐኪም ቤት የእሷ ሥራ ሆኗል። አጠገቧ ሀጂ ሙነወር ተቀምጠዋል። ያረፍነው የእሳቸው ልጅ ኢምራን ቤት ነው። ኢምራን ኢቲሳምን ማግባት ይፈልጋል፣ ሽማግሌ ግን ገና አልተላከም። ሀጂ ደግሞ ወሬያቸውን ሐይቅ በሙሉ ያውቀዋል፤ አንድ ሰው በግራ እጁ ውሃ ቢያቀብላቸው ብርጭቆውን ሳይነኩ ተነሥተው ወጥተዋል ይባላል።

"በቀኜ" አልኩ። ያ አልበቃ ብሎኝ "አልሐምዱሊላህ" ጨመርኩበት።

ሀጂ "ማሻአላህ!" አሉ። ዶክተሯ ጻፈች።

እኔ ግራኝ ነኝ። ይህንንም የምጽፈው በግራዬ ነው። ብሎን የምፈታው፣ መርፌ የማቀናው፣ የስፌት መኪና ክር ጠብቆ ወይ ላልቶ እንደሆነ በአውራ ጣቴ ጎን ላይ ሳብ አድርጌ የማውቀው በግራዬ ነው። ቀኜ የሚያውቀው ጉርሻና ሰላምታ ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ የቁርዓን መምህሬ ግራ እጄን ከጀርባዬ አስሮ ሊያስጽፈኝ ቢሞክር መድረሳውንም ትምህርት ቤቱንም ትቼ ጠፋሁ። ፊደሉንም ጥገናውንም ከዚያ ወዲህ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት።

ነገ ደውዬ አስተካክላለሁ።


ጥር 8

አልደወልኩም። ጠያቂ በዛ።


ጥር 10

ሰው ሲታመም ቤቱ ገበያ እንደሚሆን ረስቼው ነበር። አንዷ ነጭ ሽንኩርት ታዝዛለች፣ አንዱ ማር፣ አንዱ ሁለቱን ደባልቆ። አንዱ፣ "የኔ አጎት እንዳንተው ነበር" ይልና ዝም ይላል። እሺ አጎትህ ምን ሆነ? ዝም! ሌላኛዋ አልቅሳ ጨርሳ "አብሽር" ብላኝ ሄደች።

ዕድሜ ልኬን ሰው ሳስቅ ኖሬ አሁን ሁሉም ፊት ለፊቴ ሐዘን ተቀምጦ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው አራጋው፣ ጎረቤቴ፣ "ደም ሥሩን ከየት ያመጡታል?" ሲለኝ በጣም ኮስተር ብዬ፣

"ከፍየል" አልኩት።

"ከምን?"

"ከሙክት ፍየል። የአምባሰል ፍየል ገደል ስለሚወጣ ልቡ ጠንካራ ነው። ዶክተሮቹ ራሳቸው ናቸው የመረጡት።"

አራጋው እንዲህ ያለ ነገር የሚያልፈው አይደለም፤ የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን ቀና ብሎ አየኝና፣ "እግዚአብሔር ጥበብ ሰጥቷቸዋል" ብሎ ወጣ። የታመመ ሰው ቀልዱም ይታመናል ለካ።


ጥር 14

ኢቲሳም ከቤት አትውጣ ብላኛለች። ውጫሌ ሄድኩ። እዚያ ያሉት ልብስ ሰፊዎች መኪና በኔ እጅ ነው የሚኖረው፣ ምን ላድርግ። አንዱ መኪና ከታች ክሩን እየቋጠረ አስቸግሯል። ክሩን ሳብኩት፣ በጣቴ ጎን ላይ ሲያልፍ ሰማሁት። መስማት ነው የምለው፤ ሌላ ቃል የለኝም። ብሎኑን ለጥቂት አላላሁ። ሰፋ። አበቃ።

ከመነኸሪያው ወደ ገበያው ያለውን ዳገት ስወጣ ግን ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ። ባጃጅ ተደግፌ ቆምኩ። ባለባጃጁ፣ "አያ ባድሩ፣ ላድርስዎት?" አለኝ። "እየተመለከትኩ ነው" አልኩት። "ምኑን?" አለኝ።

ከሁሉ የባሰው ይኼ ነው፤ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ እጄን ይዛ፣ "ፍየሏን ከየት ልታገኝ ነው?" አለችኝ። ውጫሌ! ወሬው ከኔ ቀድሞ በየትኛው መኪና እንደመጣ ባውቅ እኔም በሱ እሄድ ነበር።


ጥር 15

ሀፊዛ፣ "ለሐኪሟ ግራኝ መሆንህን ነግረሃታል?" አለችኝ።

"ነግሬያታለሁ።"

"ምን አለች?"

"አብሽር አለች።"

ሀፊዛ አየችኝ። ሽንኩርቷን ወደ መክተፍ ተመለሰች።


ጥር 20

ዛሬና ትናንት የግሸን መንገደኛ መንገዱን ሞልቶታል። ደሴ ለመድኃኒት ልሄድ ብዬ ቦታ አጣሁ፤ ሁሉም መኪና ወደ ላይ ነው። አራጋውም ነጠላውን አጣፍቶ ሊሄድ ሲል ብቅ አለ።

"ላንተም እጸልያለሁ" አለኝ።

"ለኔ ሳይሆን ለጉልበትህ ጸልይ። ዳገቱን ካልጨረስከው ተሸክሜ የማወርድህ እኔ የለሁም።"

"አንተን ደግሞ ማን ይሸከምሃል? ልብህ ነው አሉ የታመመው። ስንት ሰው አስለቅሰህ፣ ልብ እንዳለህ ያወቅሁት አሁን ነው።"

ይኼን ሲለኝ ቀለል አለኝ። ከዚያ ግን በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ "የፍየሏን ነገር አስቤበት ነበር" አለኝ። "የእስላም ሥጋ ነው የክርስቲያን?"

"ሂድ ከዚህ!" አልኩት።

እውነትም ተቆጥቼ ነበር። ቀልድ ያወጣሁት እኔ፣ የምጨቃጨቀውም እኔ።


ጥር 28

ማታ ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ አመሻለሁ። ኢቲሳም ከጅዳ ያመጣችልኝ ስልክ ነው፤ የሰውን ደረት ከፍቶ ያሳያል። የማይገባኝን ቃል ለብቻው እየፈለግሁ፣ እየገጣጠምኩ፣ አሁን የሚከተለውን ያህል አውቃለሁ፦

ደም ሥር ሁሉ እኩል አይደለም። ደም መልስ የሚባለው፣ ከእግር የሚወሰደው፣ ግድግዳው ስስ ነው። ልብ ላይ ሲሰፋ የማያውቀው ግፊት ይመጣበታል፤ ከዓመታት በኋላ ብዙዎቹ ይደፈናሉ። ደም ቅዳ ግን፣ የደረቱና የክንዱ፣ ግፊት ለምዶ ያደገ ስለሆነ ብዙ ይቆያል። ከክንድ የሚወጣው ደግሞ ቁጡ ነው። ከነካኩት ይኮማተራል። ሲያወጡት ከሳቡት፣ ደም እንዳይፈስ በኤሌክትሪክ በሚያቃጥለው መቁረጫ አጠገቡን ካጋሉት፣ ከውጭ ምንም ሳይታይ የውስጡ ሽፋን ይጎዳና ኋላ ደም ይረጋበታል። ስለዚህ የሚሰፋበት ቦታ ብቻ ሳይሆን የሚወጣበት መንገድም ዕድሜውን ይወስናል። አወጣጡ ላይ ያበላሹትን ስፌቱ አያድነውም።

ሌላም አለ። አንድ ቦታ ላይ በትንሽ ጽሑፍ፣ ደም ሥሩ ከወጣ በኋላ በአውራ ጣት በኩል መደንዘዝ ሊኖር ይችላል ይላል።

ይህችን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት።

አሁን ብናገር የክንዱን ትተው የእግሩን ይወስዳሉ። ዝም ብል እጄ አደጋ ላይ ነው። እኔ ስለ ዕድሜ አይደለም የምጨነቀው። የሐይቅ ሰው ስለ ዕድሜ አይጨነቅም፣ አላህ ያለው ይሆናል። ሰው ግን ነገሩን በሥርዓት ማወቅ አለበት፤ ለዚያ ብቻ ነው የማነበው። የደረቱ ስንት ዓመት፣ የክንዱ ስንት፣ የእግሩ ስንት እያልኩ የኢቲሳም ልጆች ትምህርት ቤት የሚገቡበትን ሳሰላ ራሴን ያዝኩት። ልጅቷ ገና አላገባችም!

ጅል።


የካቲት 5

ዛሬ ሀጂ ሙነወር ቤታችን መጡ። ሽምግልና መስሎኝ ሀፊዛ አዲሱን ምንጣፍ አነጠፈች፤ እኔም ኮቴን ለበስኩ። ሀጂ ተቀመጡ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ባድሩ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳታፍር።"

"ይጠይቁኝ ሀጂ።"

"ፍየሏን ማን ነው የሚያርዳት?"

"የቷን ፍየል?"

"ደም ሥሯ ላንተ የሚገባውን።"

ሀፊዛ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ወደ ጓዳ ሮጠች።

"ሀጂ፣ እሱ እኮ ቀልድ ነው" አልኳቸው።

"እኔ አንተን አውቅሃለሁ፣ ስታፍር ትቀልዳለህ። ችግር የለውም። ሸሆችን ጠይቄያለሁ፤ ለሕክምና ከሆነ መንገድ አለው ብለውኛል። አራጅ ከጠፋ እኔ ራሴ ቢላዬን ይዤ አብሬህ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ቢስሚላህ ብዬ አርድልሃለሁ።"

እንግዲህ ምን ይባላል? እኚህ ሰውዬ በዚህ ዕድሜያቸው ቢላ ይዘው ሆስፒታል ሊገቡልኝ ነው። ለማስረዳት ብዙ ለፋሁ።

"ከራሴ ሰውነት ነው ሀጂ። ከክንዴ።"

"ከየትኛው?"

"ከግራው።"

"ጎሽ!" አሉና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። "ቀኝህን አላህ ይጠብቅልህ። ግራማ ለምን ይሆናል?"

ሀፊዛ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ። አሁን መናገር ነበረብኝ። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። "ይብሉ ሀጂ" አልኩ። በቀኜ እንጀራ ቆርሼ አቀረብኩላቸው።

ከሄዱ በኋላ ሀፊዛ፣ "ዶክተሯ አብሽር ብላለች አይደል?" አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ስድብ የለበትም። ስድብ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።


የካቲት 12

ረመዳን ገባ። መጾም ተከልክያለሁ፤ መድኃኒቱ ቀን ነው የሚዋጠው። ሀፊዛ ራሷ እየጾመች ታበስልልኛለች። እኔ በሩን ዘግቼ እንደ ሌባ እበላለሁ። ማንኪያው ሰሐኑን ሲነካ እንኳን ጎረቤት የሚሰማ ይመስለኛል። ዛሬ ከዘጋሁት በር ውጭ ልጆች፣ "አያ ባድሩ ይጾማል?" "አዎ፣ አያ ባድሩማ ጠንካራ ነው" ሲባባሉ ሰማሁ። ማንኪያውን ቀስ አድርጌ አስቀመጥኩ።

ልብ የታመመ ሰው ውሸት ሲበዛበት ምን እንደሚሆን ስልኩ አይናገርም።


የካቲት 13

ዶክተሯ ጋ ደወልኩ። ሌላ ሴት አነሣች። "ምን ልንገርልዎ?" አለችኝ። "ሰላም በይልኝ" አልኳት።

ሰላም በይልኝ! ቁልፉ እጄ ላይ እያለ በር የምሰብር ሰው ነኝ።


የካቲት 19

ተጠራን። አልጋ ተገኝቷል። ኢቲሳም ሻንጣ እያዘጋጀች ታዝዘኛለች፤ ይኼ ይግባ፣ ይኼ ይውጣ፣ ፒጃማ፣ ፎጣ። ሀፊዛ መንገዱ ስለሚከብዳት ትቀራለች። ስትሰናበተኝ ግራ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። እኔም፣ "ምነው፣ ቀለበት ልትወስጂ ነው?" አልኳት። አልሳቀችም።


የካቲት 21፣ አዲስ አበባ

ግራ ክንዴ ላይ ፕላስተር ለጥፈው "አትውጉ፣ ደም አትቅዱ" ብለው ጽፈዋል። የቀኙን ግን ወንፊት አድርገውታል። አንድ ነርስ መርፌ ይዛ ወደ ግራዬ ስትመጣ ሌላዋ፣ "ኧረ! ኧረ! እሱን አትንኪ!" ብላ ጮኸች። ዕድሜውን ሙሉ ሲገረፍ የኖረ እጅ እንዲህ ሲከበር አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ዶክተር ኢንሳፍና አንድ ሸበቶ ሐኪም ከመጋረጃው ውጭ ቆመው ተከራከሩ። ቀስ ብለው የሚያወሩ መስሏቸዋል።

"ራቁቷን ብታወጫት ትረዝምልሻለች" አለ ሸበቶው።

"ርዝመት አላጠረኝም። በተነካካች ቁጥር ትኮማተራለች። ከነልብሷ ነው የማወጣት።"

"እንግዲያው በትንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ ሥሪው። ጠባሳው አይታይም።"

"ለጠባሳው የሚጨነቅ ሰው አይደለም። ከፍቼ፣ በዓይኔ እያየሁ ነው የምሠራው።"

አጠገቤ የተኙት ሽማግሌ መቁጠሪያቸውን ጥለው፣ "አስተግፊሩላህ! በረመዳን!" አሉ። "ስለ ማን ነው የሚያወሩት?"

"ስለ አንዲት ሙሽራ" አልኳቸው።

እስካሁን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንዳዞሩ ነው።

በኋላ ዶክተሯ መጥታ ስጠይቃት እየሳቀች አስረዳችኝ። ልብስ የሚሉት በደም ሥሯ ዙሪያ ያለውን ስብና አብረዋት የሚሄዱትን ጥቃቅን ሥሮች ነው። ያንን ገፍፎ ማውጣት ያረዝማታል፣ ግን ብዙ መንካት ይጠይቃል። እሷ ከነስቧ፣ ሳትስብ፣ የሚያቃጥለውን መቁረጫ አርቃ፣ እንዳትኮማተር መድኃኒት እያጠጣች ታወጣታለች። ሸበቶውም ያለ ምክንያት አልተከራከረም፤ እሱም በራሱ መንገድ ብዙ ሰው አድኗል አለችኝ።

ሁለት አዋቂዎች በኔ ክንድ ተጣሉ። ማንኛቸውም የማያውቁትን ነገር የማውቀው እኔ ነኝ፤ ተጋድሜ ሙሽራ እያልኩ አላግጣለሁ።


የካቲት 22

ወጣ። እንዴት እንደወጣ ልጻፈው።

ወደ ማምሻው ላይ ዶክተሯ የፈቃድ ወረቀቱን ይዛ መጣች። ነገ ጠዋት ነው። ኢቲሳም አለች፣ ሀጂም ከኢምራን ቤት መጥተው ዱዓ እያደረጉልኝ ነበር። ዶክተሯ ሁሉንም አነበበችልኝ፤ ሊደማ ይችላል፣ ሊመረቅዝ ይችላል፣ ላይነቁ ይችላሉ። ይኼን ሁሉ ራሴን እየነቀነቅሁ አሳለፍኩ። "የግራ ክንድ ደም ቅዳ" ስትል፣

"ዶክተር፣ ግራኝ ነኝ" አልኩ።

ኢቲሳም እጇን ግንባሯ ላይ ጣለች። "አጎቴ፣ እባክህ! ዛሬ እንኳን ቀልዱን ተወው።"

"ቀልድ አይደለም።"

ዶክተሯ ፈገግ አለች። "ስለ ፍየሏም ሰምቻለሁ አባቴ። ነርሶቹ ሁሉ ሰምተዋል።"

"ግራኝ ነኝ እኮ ነው የምለው! ወላሂ!"

ሀጂ፣ "ወላሂን በቀልድ አታስገባ" ብለው ገሠጹኝ።

ያ ረቢ! ሰው እውነት ሊናገር ይለምናል! ወረቀቱን ከእጇ ነጠቅሁ፣ ብዕሩን በግራዬ ያዝኩ፣ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። መልሼ ሰጠኋት።

ዶክተሯ ፊርማውን አየች፣ እጄን አየች። ፊቷ ተለወጠ።

"እኔ ያን ቀን ለምን የጠየቅሁዎ ይመስልዎታል?" አለችኝ። "ለጨዋታ ነው? ብትነግረኝ ኖሮ ምርመራውን ስናይ፣ ሌላ መንገድ ስናስብ፣ ጊዜ ነበረን! ነገ ጠዋት እኮ ነው!" ከንዴቷ ብዛት አንዴ አንተ አንዴ እርስዎ አለችኝ። ልክ ነበረች። ወረቀቱን ወርውራ የምትወጣ መስሎኝ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"የእግርዎን ደም ሥር አይቼዋለሁ" አለችኝ ረጋ ብላ። "ያበጠና የተጠማዘዘ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቆመው ይሠራሉ መሰለኝ። ልጠቀምበት እችላለሁ፣ ግን ቶሎ ይደፈናል ብዬ እፈራለሁ። የክንድዎ ጥሩ ነው። እጅዎ ደም አያጣም፤ ሌላኛው ደም ቅዳ ይመግበዋል፤ ያን ቀን ጨምቄ ያየሁት ለዚያ ነው። ነገር ግን አጠገቧ የስሜት ነርቭ ያልፋል። እጠነቀቃለሁ፣ ቃል ግን አልገባም። የአውራ ጣትዎ ጎን ሊደነዝዝ ይችላል። ለብዙዎች ይመለሳል። ለአንዳንዱ አይመለስም። ሥራዎ ምንድን ነው?"

ነገርኳት። ክሩንም ነገርኳት።

"እንግዲህ ምርጫው የእርስዎ ነው" አለች። ወረቀቱን አነሣች። "ይኼን ልቅደደውና ሌላ ላምጣ? የእግሩ ተብሎ ይጻፍ?"

"ተይው" አልኩ።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ከፈረምኩ በኋላ ሌላ ወረቀት ማባከን ምን ያደርጋል?"

ዶክተሯ ሌላ አልጠየቀችኝም። ኢቲሳም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ አየሁት።

ሀጂ ቀሩ። ጢማቸውን እየደባበሱ ቆይተው፣

"ምግብ በየትኛው ነው የምትበላው?" አሉኝ።

"በቀኜ።"

"ውሃስ?"

"በቀኜ።"

"ታዲያ ምንድን ነው የደበቅኸው?"

"ሀጂ፣ ያ ብርጭቆውን በግራ የሰጠዎት ሰውዬ..."

"እሱ? እጁ ናፍጣ በናፍጣ ነበር እኮ! ብርጭቆው ውስጥ ይንሳፈፍ ነበር።"

ናፍጣ! እኔ ከጥር ጀምሮ እንቅልፍ ያጣሁት በናፍጣ ነው። ቢያንስ ለሀፊዛ ደውዬ እውነቱን ነገርኳት። "አውቅ ነበር" አለች። ከዚያ፣ "የእግሩን ለምን አላልክም?" አለችኝ። መስመሩ መጥፎ ነው ብዬ ዘጋሁት።


የካቲት 23

ሊወስዱኝ ነው። ክንዴ ላይ በሰማያዊ ቀለም ረጅም መስመር አሥምረዋል። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ላይ እንደሚያሠምረው።


መጋቢት 3

አለሁ። ማሳል ያማል። መሳቅ የባሰ ያማል። ኢቲሳም ሀጂን በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ እንዳይመጡ ከልክላለች፤ ስለ ፍየሏ ሲያወሩ ደረቴ ይከፈታል።

የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው።


መጋቢት 11፣ ኢድ

ኢምራን ቤት። ዶክተሯ ትናንት ክንዴን አየች። ቁስሉ ከአንጓ እስከ ክርን ደርቋል። ደም ሥሯ እንደፈለገችው ወጣችላት፤ ከነስቧ፣ ሳትኮማተር። "በጣም ቆንጆ ነበረች" አለችኝ፣ ልጇን እንደምታወድስ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ነካች። "ይሰማዎታል?" "ይሰማኛል።" "ይኼስ?" "ይሰማኛል።" አውራ ጣቴ ጋ ስትደርስም ይሰማኛል አልኩ። በዓይኔ እያየሁት ነበር።

ሽማግሌ ተላከ። እኔ ነኝ የተቀበልኩት። ብዙ አስቸገርኳቸው፣ ደስ አለኝ።


ሚያዝያ 2፣ ሐይቅ

ዳገቱን ወጣሁ። ከቤት እስከ መስጊዱ፣ ከዚያ እስከ ላይኛው ሰፈር። ደረቴ ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ የለም። ሳልቆም ወጣሁ። አናቱ ላይ ደርሼ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ ቆሜ ሐይቁን አየሁ። ሰው ሲያልፍ አፈርኩና ጫማዬን እንደሚያስር ሰው ጎንበስ አልኩ።


ሚያዝያ 20

ሐኪሞቹ ቀላል ሥራ ፈቅደዋል። አራጋው መኪናውን ይዞ መጣ፤ ታች ክሩ ይቋጠራል። ለሌላ ሰው አላስነካም ብሎ ሁለት ወር በዘመዱ መኪና ሲሰፋ ከርሟል።

ከፈትኩት፣ ጠረግሁት፣ ዘይት ሰጠሁት። ክሩን በአውራ ጣቴ ጎን ላይ ሳብኩት። ደግሜ ሳብኩት። ብሎኑን አጠበቅሁ። "ጨርሻለሁ፣ ሞክር" አልኩት።

ሞከረ። ጨርቁን ገልብጦ አየ። ከታች ክሩ እንደ ሸረሪት ድር ተተብትቧል። ብሎኑን እሱ ራሱ ትንሽ አዞረ። እንደገና ሰፋ።

"ጥሩ ነው" አለ። "እጅህ ይባረክ።"

ለምን እንደነካካው አልገባኝም፤ የጨርቁ ጥፋት ነበር። ደግሞስ ይኼ አራጋው ነው? እኔ አንድ ቁልፍ አዛንፌ ብገጥም ገበያ ለገበያ ሲያወራብኝ የኖረ ሰው ነው። ስደበኝ እንጂ! "ግሸን የጸለይኩት ለዚህ ነው?" በል እንጂ! እጅህ ይባረክ ብሎኝ መኪናውን ተሸክሞ ወጣ። ቀኑን ሙሉ አናዶኝ ዋለ።


ሚያዝያ 24

ከውጫሌ ሁለት መኪና መጣልኝ። ጠዋት አንደኛውን ስነካካ ሀፊዛ ሽንብራ እየለቀመች ታየኝ ነበር። ትሪውን አስቀምጣ መጣችና ሳትጠየቅ ክሩን ከእጄ ወሰደች፤ በራሷ አውራ ጣት ጎን ላይ ሳብ አደረገችው።

"ላላ" አለች።

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ?"

"ስንት ዓመት አጠገብህ ተቀምጫለሁ። ላልቷል።"

"ጠብቋል እንጂ!"

"ባድሩ፣ ላልቷል።"

ስለ ጥገና አንዲት ፊደል ከማታውቅ ሴት ጋር ምሳ እስኪደርስ ተጨቃጨቅን። እኔ እንደማውቀው አላልቼ ብሰፋ እሷ ትክክል እንዳልሆነች ይታይ ነበር፤ ግን ልጨቃጨቅ አልፈለግሁም። በይ እንዳልሽው ይሁን፣ ከዚያ ትስቂብኛለሽ አልኳት። አጠበቀችው፣ እኔ ሰፋሁ፣ ጨርቁን ገለበጥነው። ስፌቱ ልክ ሆኗል።

ላልቶ ነበር።